«ድምፁን ከድካሜ እንዴት ልለይ?» ጣና ላይ ሱባኤ ገብታ ለተመለሰች እህት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። 27 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ፋርማሲስት ሆኜ እሠራለሁ። አባቴ ዐርፏል፤ እናቴንና ሁለት ታናናሾቼን የማግዘው እኔ ነኝ። ባለፈው ፍልሰታ ጣና ላይ ካሉት ገዳማት በአንዱ ሱባኤ ገብቼ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰላም አግኝቼ አላውቅም። ከተመለስኩ ወዲህ ሥራው አስጠላኝ፤ ሰው ሁሉ ይከብደኛል። ነጭ ለብሼ ጀልባ ስሳፈር ሁለት ጊዜ በሕልሜ አየሁ። አንድ ባሕታዊም ‹አንቺ የዓለም አይደለሽም› አሉኝ። ለመመንኮስ ልሳል እያልኩ ነው። በሌላ በኩል ለትዳር የሚጠይቀኝ ጥሩ ልጅ አለ። እግዚአብሔር የጠራኝ ለየትኛው ነው? የእርሱን ድምፅ ከራሴ ድካም እንዴት ልለይ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የመጨረሻ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። በባሕር ዳር ሰንበት ትምህርት ቤቶች ወጣቶችን ሳስተምርና ሳማክር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብልኝ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚል ነው። ድካሙን ራሱ አንስቶ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። አንቺ አንስተሽዋል፤ እኔም ከዚያው ተነሥቼ እመልስልሻለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለት ነገር ልለምንሽ። ሥራሽን እንዳትለቂ። ስእለቱንም እንዳትሳይ።

ስእለት በእኛ ዘንድ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ልጅ ሲታመም፣ ፈተና ሲደርስ ለጊዮርጊስ ጃንጥላ፣ ለኪዳነ ምሕረት ጧፍ እንሳላለን። ደግ ነው። ዕድሜን ሙሉ መሳል ግን ሌላ ነው። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 ተስሎ ከመቅረት አለመሳል እንደሚሻል ይናገራል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ዮፍታሔ ጦርነት ሊገጥም ሲል ተሳለ፤ ዕዳውን የከፈለችው ግን ቤት የነበረችው ልጁ ናት። አንቺ ዛሬ ብትሳዪ ማን እንደሚከፍል አስቢ። ደግሞም ስእለት ጥሪን አያጣራም። ጥያቄው ሳይመለስ በሩን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣብሽን ጥርጣሬ ሁሉ እንደ ክህደት ትቆጥሪዋለሽ፤ ለንስሐ አባትሽ እንኳ በግልጽ መናገር ትፈሪያለሽ።

አሁን ወደ ሰላሙ እንምጣ። ገዳሙ ውስጥ ያገኘሽው ሰላም እውነተኛ ነው። ማንም «ስሜት ነው» ብሎ እንዲያናንቅብሽ አትፍቀጂ። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ውዳሴ ማርያም ሲተረጎም ሰምተሻል፣ ከሰዓት ቅዳሴ ቆመሻል፣ ቆርበሻል። እፍኝ ሽምብራ ይበቃሽ ነበር። ስልክሽ ዝግ ነው፤ ዱቲ የለም፤ ማንም አይጠራሽም። ነፍስ እንዲህ ያለ ቦታ ስትደርስ ታርፋለች። ጸጋው የመጣው ከእግዚአብሔር ነው።

ሆኖም በዚያ ሰሞን እዚያ እንግዳ ነበርሽ። የሱባኤ እንግዳ የገዳሙን ጸሎት ያያል እንጂ የገዳሙን ኑሮ ብዙም አያይም። አንቺ ደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጠሽ ዳዊት ስትደግሚ፣ አንዲት እህት ከሐይቁ በጀሪካን ውኃ ተሸክማ ዳገቱን ትወጣ ነበር። ሌላዋ ለማኅበሩ እህል ታበጥራለች፣ ጭስ ውስጥ ትጋግራለች። ሌላዋ ዓይናቸው የጠፋ አሮጊት እማሆይን ታጥባለች፤ ልብሳቸውን ትለውጣለች፤ እርሳቸውም ያጠበቻቸውን ረስተው «ዛሬም ማንም አልመጣልኝ» እያሉ ያማርሯታል። ነገም እንዲሁ ነው፤ የዛሬ ዓመትም እንዲሁ ነው። «ሰው ሁሉ ይከብደኛል» ብለሽ ጽፈሻል። በፋርማሲው መስኮት የቆመ ሰው ቢከብድሽ መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል። በአንድነት ገዳም ግን የከበደችሽ እህት አትሄድም። አብራሽ ትበላለች፣ አብራሽ ታስቀድሳለች፣ ምናልባትም አንድ ቀን አለቃሽ ትሆናለች። ሰውን ለመሸሽ ወደ ገዳም የሚሄድ፣ የሸሸውን እዚያው ተቀምጦ ያገኘዋል።

ስለዚህ ድካምሽን መጀመሪያ ለብቻው እንየው። ሌሊት ሙሉ ዱቲ ያደረ ሰው አልጋ ሲያይ ዕድሜውን በሙሉ መተኛት የሚፈልግ ይመስለዋል። ስምንት ሰዓት ከተኛ በኋላ ግን ይነሣል፤ ይርበዋል፤ ሰው ይናፍቀዋል። አንቺም ራስሽን ጠይቂ። ነገ አለቃሽ ቢቀየር፣ ዱቲሽ ቢቀንስ፣ የአንድ ወር ዕረፍት ብታገኚ፣ ገዳሙን አሁን በምትፈልጊው ልክ ትፈልጊዋለሽ? ካረፍሽ በኋላ ናፍቆቱ ከቀነሰ፣ ስትፈልጊ የነበረው ዕረፍት ነው። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ዕረፍትም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ጥሪ ከሆነ ግን አንቺ ስትበረቺ እርሱም ይበረታል።

ኤልያስን አስታውሺ። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ከክትክታው ዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ወዲያው ስለ ተልእኮው አላነጋገረውም። ተኛ። መልአኩ ቀሰቀሰው፤ እንጎቻና ውኃ አገኘ። በላና እንደገና ተኛ። አሁንም ተቀስቅሶ በላ። ዝግ ያለውን ድምፅ በኮሬብ የሰማው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ድምፁም ምን አለው? ወደ መጣህበት መንገድ ተመለስ፤ ሥራ አለህ። ይህን ምዕራፍ ለደከሙ አገልጋዮች ሁሉ ደጋግሜ አነብላቸዋለሁ። የደከመ ሰው ጆሮ ብዙ ድምፅ ያደባልቃል። በዚህ ላይ እንቅልፍ እያጣሽ፣ ምግብ እየተጸየፍሽ፣ ከሥራ ውጭ ያለው ነገር ሁሉ ጭምር ለወራት ደስታ ነሥቶሽ ከሆነ ሐኪም አማክሪ። አንቺ የጤና ባለሙያ ነሽ፤ ጸሎትና ሕክምና እንደማይጣሉ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

ሕልሙን በተመለከተ ብዙ አልልም። እግዚአብሔር በሕልም ተናግሮ ያውቃል፤ ሁለቱን ዮሴፎች ማስታወስ ይበቃል። ግን አንቺ ያየሽው ነጭ ልብስና ጀልባ ከሱባኤው ወዲህ ስታስቢው የከረምሽው ነው። ልብ የወደደውን ሌሊትም ያየዋል። ለፈቺ አትንገሪው፤ ለጓደኛም አታውሪው። ለንስሐ አባትሽ ብቻ ንገሪና ተዪው።

«የንስሐ አባቴ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ደግሞም እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ አያውቁትም» ትዪ ይሆናል። ይህን ሰበብ ስለምሰማው ነው የማነሣው። ብላቴናው ሳሙኤል በስሙ ሲጠራ እየሮጠ ወደ ዔሊ ሄደ። ዔሊ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ልጆቹን ከክፋት ያልከለከለ ሽማግሌ ነበር። ቢሆንም ሳሙኤል ማን እየጠራው እንደሆነ ያወቀው በዔሊ በኩል ነው። እግዚአብሔር ሽማግሌውን ዘሎ አላለፈውም። አንቺም የንስሐ አባትሽን ዘለሽ አትለፊ።

ባሕታዊው ያሉሽን ደግሞ እንመርምረው። ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 4 መንፈስን ሁሉ እንዳናምን፣ እንድንመረምር አዝዞናል። መመርመር ሰውየውን ዋሾ ማለት አይደለም። «የዓለም አይደለሽም» የሚለውን ቃል ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ለሐዋርያቱ ተናግሮታል። ከእነርሱ መካከል ጴጥሮስ አለ። ጴጥሮስ ሚስት ነበረችው፤ አማቱንም ጌታ ከንዳድ ፈውሷታል። እንግዲህ ባሕታዊው የነገሩሽ ነገር እውነት ነው፤ ለተጠመቀ ሁሉ እውነት ነው። ቆብ ጫኚ ማለት ግን አይደለም። ማንም ይሁን ማን የሚያቻኩልሽ ከሆነ፣ «ለንስሐ አባትሽ አትንገሪ» ካለሽ፣ ወይም ገንዘብ ከጠየቀሽ ራቂው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል የአገራችን ሰው።

ከባዱ የእናትሽ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ሁለት የወንጌል ቃሎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱን ደብቄ ሌላውን ብቻ ብነግርሽ ታማኝ አልሆንም። በማቴዎስ 10 ጌታ ከእርሱ ይልቅ እናቱን ወይም አባቱን የሚወድ ለእርሱ እንደማይገባ ተናግሯል። በማርቆስ 7 ደግሞ ለወላጆቻቸው መጦሪያ የሚገባውን «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እያሉ እናትና አባታቸውን የሚተዉትን ፈሪሳውያን ገሥጿል። እንግዲህ እናትን ከእግዚአብሔር ማስበለጥም አለ፤ እግዚአብሔርን ሰበብ አድርጎ እናትን መጣልም አለ። ሁለቱንም ጌታ ከለከለ። ታላቁ እንጦንስ ያለህን ሽጠህ ለድኾች ስጥ የሚለው ወንጌል በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቶ ሲመንን፣ አንዲት ታናሽ እህት ነበረችው። ሜዳ ላይ አልተዋትም። ታማኝ ለሆኑ ደናግል አደራ ሰጥቷት ነው የሄደው። የአባ እንጦንስን በረሃ ብቻ የሚያወራ ሰው ይህችን ልጅ ይረሳታል።

ወደ ራሳችን ሐይቅ ልመልስሽ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረች የመኳንንት ወገን ናት። ሦስት ልጆች ወልዳ ሁሉም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ሹም ነበር። ለመመንኮስ ቆርጣ ከቤቷ ወጣች፤ ጣና ላይ ወደሚገኝ ገዳምም ሄደች። ባሏ እርሷን ፍለጋ የሰው አገር አጠፋ። ወለተ ጴጥሮስ ሕዝቡ በእኔ ምክንያት አይሠቃይ ብላ ተመለሰች። ወደ ባሏ ቤት! ይህን የገድሏን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ጥሪዋ እውነተኛ ነበር፤ ግን ለሌላው ስትል ወደ ኋላ መመለስ ቻለች። ባሏ በጳጳሱ በአቡነ ስምዖን ሞት እጁ እንዳለበት ስታውቅ ግን ለይታ ወጣችና መነኮሰች። ከዚያ በኋላ በሃይማኖቷ ጸንታ በግዞት ተንከራተተች፤ በጣና ዙሪያም ብዙዎች ተከትለዋት ማኅበራትን መሠረተች። በመመለሷ ጥሪው አልጠፋባትም። ያንቺም እውነተኛ ከሆነ ታናሽሽ ተመርቆ ሥራ እስኪይዝ ድረስ በመቆየትሽ አይጠፋም። የሚጠፋ ከሆነም ቆብ ከጫንሽ በኋላ ከሚጠፋ አሁን ቢጠፋ ይሻላል።

«ክርስቶስ ሠምራስ ልጆቿን ትታ መንና የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ገዳሟ ጓንጉትም እዚሁ ጣና ዳር ነው። ግን እርሷ የወጣችው የሞተችው አገልጋይዋ በጸሎቷ ከተነሣችላት በኋላ ነው። ገድል እግዚአብሔር በቅዱሳኑ የሠራውን ይነግረናል እንጂ ለእኛ የመውጫ ቀን አይቆርጥልንም።

ሌላው በደብዳቤሽ ያሳሰበኝ ነገር ይኸውልሽ። ገዳሙን በአንድ በኩል፣ ፋርማሲውን በሌላ በኩል አድርገሽ እግዚአብሔር ያለው በመጀመሪያው ብቻ እንደሆነ አድርገሽ ጽፈሻል። ይህን ብዙ ጎበዝ ልጆች ያስባሉ። እግዚአብሔር አንዲት መንገድ ብቻ ደብቆ ያስቀመጠላቸው፣ እርሷን ካላገኙ የሚጠፉ ይመስላቸዋል። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 4 የእግዚአብሔር ፈቃድ መቀደሳችን እንደሆነ በግልጽ አስቀምጦታል። ይህ ጥሪ ላንቺም፣ ለእማሆይም፣ ለባጃጅ ሾፌሩም አንድ ነው፤ ተሰውሮም አያውቅም። የምትመረምሪው ይህን ጥሪ የትና እንዴት ሆነሽ እንደምትኖሪው ነው።

ቀራጮችና ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ አሉት። ዮሐንስ ራሱ በረሃ ያደገ መናኝ ነው። ግን ሥራችሁን ትታችሁ በረሃ ግቡ አላላቸውም። ከታዘዘው በላይ አትቀበሉ፣ ማንንም አትበድሉ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ሉቃስ 3 ላይ ታገኚዋለሽ። በአበው ዜና ደግሞ ለአባ እንጦንስ የተገለጠለት አንድ ነገር አለ። በከተማ ውስጥ በጽድቅ የሚተካከለው ሰው እንዳለ ተነገረው። ያ ሰው ሐኪም ነበር። ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድኾች ይሰጣል፤ በየዕለቱም ከመላእክት ጋር ሥሉስ ቅዱስን ያመሰግናል። እንጦንስ የመነኮሳት አባት ነው፤ የተተካከለው ግን በሽተኛ ሲያክም የሚውል ሰው ነው።

ነገ ጠዋት መስኮትሽ ላይ ስትቆሚ ይህን አስቢ። አንዲት እናት ከገጠር ትመጣለች። ማዘዣው በእጇ ላብ ረጥቧል። ገንዘቡን ከመቀነቷ ፈትታ ትቆጥራለች፤ አይሞላም። ከታዘዘው ውስጥ የትኛው ግድ እንደሆነ፣ የትኛው በርካሽ እንደሚተካ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ማንበብ ስለማትችል በካርቶኑ ላይ ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ ልትሥዪላት ትችያለሽ። «ቢሻልሽም ሳታቋርጪ ጨርሺው» ብለሽ ዓይኗን እያየሽ ልትነግሪያት ትችያለሽ። ወይም ኪኒኑን ገፋ አድርገሽ «ቀጣይ!» ማለት ትችያለሽ። ከኋላዋ 30 ሰው ተሰልፎ ይህን ማድረግ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እዚያ መስኮት ላይ ትዕግሥትን ያልተማረ ሰው፣ አሮጊቷን እማሆይ ለማጠብ ትዕግሥቱን ከየት ያመጣዋል?

እንግዲህ ምን ታድርጊ? አንድ ዓመት ስጪው። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ገዳማቱ ራሳቸው የመጣውን ሁሉ ወዲያው አያመነኩሱም። አመክሮ አለ። ሰው በሥራና በመታዘዝ ይፈተናል፤ ከዚያም በየደረጃው ቅናቱ፣ ቆቡ፣ አስኬማው ይመጣል። አበው በሱባኤ ሰላም ብቻ የማይወስኑትን አንቺም አትወስኚው።

በዚህ ዓመት ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ የምትችዪውን ያህል የጸሎት ሥርዓት ያዢ። ትንሽ ይሁን፤ ግን ዱቲ ባለበት ቀንም የሚጠበቅ ይሁን። «ምልክት አሳየኝ» ከማለት ይልቅ «ፈቃድህን እንድወድ አድርገኝ» በዪ። አንድ ደብተር ያዢና ናፍቆቱ በበረታብሽ ቀን ሁለት መስመር ጻፊ፤ የመጣው ከምን በኋላ ነው? ከአለቃሽ ጋር በተጋጨሽበት ማታ ነው? ወይስ ቆርበሽ በወጣሽ ማግሥት፣ ምንም ሳይጎድልሽ? ከወራት በኋላ ደብተሩን ለንስሐ አባትሽ አሳዪያቸው። ከእኔ ምላሽ ይልቅ ያ ደብተር ብዙ ይነግራችኋል።

የዓመት ፈቃድሽን ደግሞ ለፍልሰታ አታውዪው። ሕዝብ በሌለበት፣ ተራ በሆነ ወር ሂጂ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ መነኮሳይያት ካሉባቸው አንዱን ምረጪ። የንስሐ አባትሽ አውቀውት ይሁን። እመ ምኔቷንም «እንደ እንግዳ አታስተናግዱኝ፤ ሥራ ስጡኝ» በያቸው። ውኃውን ቅጂ፣ ጭሱን ቅመሺ፣ የታመሙትን አስታሚ። የሚቆጡሽም አይጠፉም። ከዚያ በኋላም ልብሽ እዚያ ከቀረ ስለ ጥሪ በደንብ መነጋገር እንችላለን። አለመቅረቱን ካየሽ ደግሞ አልወደቅሽም፤ እግዚአብሔር መልሶልሻል።

ለትዳር ለሚጠይቅሽ ልጅ እውነቱን ንገሪው። መንገድሽን ከንስሐ አባትሽ ጋር እየመረመርሽ እንደሆነ፣ አንድ ዓመት እንደሚያስፈልግሽ፣ እርሱ ግን የመጠበቅ ግዴታ እንደሌለበት ንገሪው። «ገዳሙ ካልሆነ» ብለሽ በመጠባበቂያ አታስቀምጪው፤ እርሱም የእግዚአብሔር ልጅ ነው፣ ተክሊልም ምስጢር ነው። ቢጠብቅሽ «እንግዲህ ትዳር ነው የተባልኩት» አትበዪ። ቢሄድም «ገዳም ግቢ ማለት ነው» ብለሽ አትተርጉሚው። ከእርሱ በፊት ግን እናትሽን አነጋግሪያት። እስካሁን ምንም ያልነገርሻት መሰለኝ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ የእርሷ ቃል አንድም የለም።